የማይነሣው ወንበር

“ምንጣፉ አይበቃም” አለች ሐዋ።

ሙሐመድዘይን ምንጣፉን በሁለት እጁ ይዟል። ምንጣፉን ወደ ግራ ሲስበው በቀኝ በኩል ሲሚንቶው ብቅ ይላል። ወደ ቀኝ ሲስበው በግራ በኩል ብቅ ይላል። መደቡ ሦስት ሜትር ነው። ምንጣፉ ሁለት ሜትር ተኩል ነው።

“ትራስ አምጪ” አላት።

“የማንን? የእኔን? ስድስት ዓመት የተኛሁበትን ትራስ አውጥቼ ለባለዲያ ላሳይ?”

“የእኔን አምጪ።”

“የአንቱማ ከእኔው ይብሳል።”

ሄዳ ከሳሎን አራት ትራሶች ይዛ መጣች። ወርቃማ ዘርፍ አላቸው። ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ አስቀመጠች። ራቅ ብላ አየችው።

“አሁን ሶፋ መሰለ” አለች። “ግን ስሙኝ ጋሽ ዘይኔ። ሴትዮዋን በጓሮ በር ያስገቧት፣ በጓሮ በር ያስወጧት። ወደዚህ እንዳያመጡብኝ።”

“ሕፃን ነኝ?”

“ሕፃን ቢሆኑማ በዓይኔ እቆጣዎት ነበር።”

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ከባለዲያ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የምትላከው ተቆጣጣሪ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። መስከረም ገብቷል፤ የዐረብ አገሩ ሰፈር ሚርዲፍ ግን ገና አልሰማም። የግቢው ንጣፍ ከወዲሁ ጫማ ያሞቃል።

ሙሐመድዘይን የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። አገሩ ወሎ፣ ቢስቲማ ነው። በዚህ ቪላ ሾፌር ሆኖ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ክፍሉ ከውጭ በር አጠገብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። መደቡን የሠራው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የቪላው እመቤት ማዳም ለበጋው ወደ ውጭ ስትሄድ ከጎረቤት አጥር የተረፈ ብሎኬት ለምኖ፣ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቶ፣ ከክፍሉ በር ጀምሮ በአጥሩ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሠራው። በላዩም አራት ብረት አቁሞ ቆርቆሮ መታበት። በአባቱ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ መደብ ነበር። እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ማዳም ስትመለስ አየችውና “ይህ ምንድን ነው?” አለችው። መደብ በዐረብኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። “ወንበር ነው” አላት። ማዳም ሳቀች፤ “ትልቅ ወንበር ነው” ብላ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ወንበር ሆኖ ቀረ።

ቢስቲማ ውስጥ ደግሞ አንድ ቤት አሠርቷል። ስድስት ክፍል አለው። ወንድሙና የወንድሙ ልጆች ይኖሩበታል። እሱ በየሦስት ዓመቱ አንድ ወር ሄዶ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል። በእጁ የሠራውና በየቀኑ የሚቀመጥበት ግን ይህ መደብ ብቻ ነው። ጁምዓ ጁምዓ የአገሩ ሰዎች ከሶላት በኋላ መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። ሌላ ጊዜ “ሾፌር” የሚባለው ሰው ያን ጊዜ “የቤቱ ባለቤት” ይባላል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ተቆጣጣሪዋ የምትመጣው ለመደቡ አልነበረም። የምትመጣው ለሐዋ ማእድ ቤት ነው።

ሐዋ የቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። አገሯ ሐይቅ ነው። ማዳም ሐዋ የጠበሰችውን ዓሣ ትወዳለች፤ ሽታው መጋረጃዋ ላይ ሲቀር ግን አትወድም። ስለዚህ ሐዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤት ውጭ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ ጎን፣ የጋዝ ሲሊንደር መሬት ላይ አስቀምጣ ስትጠብስ ኖራለች። ባለፈው ክረምት ማዳም በጓሮ በኩል ትንሽ የውጭ ማእድ ቤት እንዲሠራ ወሰነች። አንድ ግንበኛ መጥቶ “ፈቃድ ምን ያደርጋል? ዐርብና ቅዳሜ እንጨርሰዋለን” አላት። ማዳም ልትስማማ ስትል ሁለት መንገድ አልፎ በሚኖር ጎረቤት በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየች። ጎረቤቱ ያለ ፈቃድ የሠራውን ጋራዥ ራሱ አፈረሰው። ማዳም ግንበኛውን ኸላስ፣ በቃ ብላ አሰናብታ ኢንጂነር ቀጠረች።

ኢንጂነሩ ሻጂ ይባላል፤ ከኬረላ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ፕላን ሲያነሣ መደቡን አይቶ ነበር። ማዳም “ወንበር ነው” ስላለችው አልሣለውም።

አራት ሰዓት ላይ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት። ጥቁር አባያ፣ ነጭ የስፖርት ጫማ፣ በእጇ ታብሌት። ሻጂ ፕላኑን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። ሙሐመድዘይን እንደታዘዘው በጓሮ በር አስገባቸው።

ጓሮው ጥላ የለውም። ተቆጣጣሪዋ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ፎቶ ታነሣለች። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ስንት ነው? ጭሱ በየት ይወጣል? ውሃው የት ይወርዳል? ሻጂ ይመልሳል። ሙሐመድዘይን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሐዋ በመስኮት ታያለች።

ግማሽ ሰዓት ሆነ። የልጅቷ ፊት ቀላ። በእጅጌዋ ግንባሯን ጠረገች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠረገች።

ሙሐመድዘይን ወደ ሰማይ አየ። ወደ ጫማው አየ። እንግዳ ቆሟል። በፀሐይ ቆሟል። ሴት ልጅ ናት፣ በልጁ ዕድሜ። በአባቱ ቤት ጠላት እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ጠቡ ከዚያ ይቀጥላል። ጥርሱን ነክሶ ትንሽ ታገሠ። ሦስተኛ ጊዜ ግንባሯን ስትጠርግ አፉ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ተከፈተ።

“ልጄ፣ በዚህ በኩል ጥላ አለ። አረፍ በይ።”

በመስኮቱ ውስጥ ሐዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ስታደርግ አየ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ተቆጣጣሪዋ ተከተለችው። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ትራሱን ወደ ጀርባዋ ሳብ አደረገች።

“አላህ ይስጥህ” አለች። “ደስ የሚል ሶፋ ነው። ይቀዘቅዛል።”

“አዎ፣ ይቀዘቅዛል” አለ ሙሐመድዘይን።

ሐዋ ውሃ ይዛ መጣች። ፊቷ ለቅሶ ቤት የገባች ሴት ፊት ነበር። ውሃውን ሰጥታ በሙሐመድዘይን አጠገብ ስታልፍ በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ “ምሳም ይጋብዟት እንጂ” አለችው።

ልጅቷ ውሃውን ጠጣች። ታብሌቷን አየች። ተነሣች።

“አንድ ልኬት ቀርቶኛል። የአጥሩን ግድግዳ በዚህ በኩልም ልለካ። ሶፋውን ትንሽ ሳብ ታደርጉልኛላችሁ?”

ሻጂ ሙሐመድዘይንን አየ። ሙሐመድዘይን ሻጂን አየ። አንዱ “አይቻልም” ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አላለም። ሻጂ ፕላኑን መሬት ላይ አስቀመጠና በግራ በኩል ጎንበስ አለ። ሙሐመድዘይን በቀኝ በኩል ጎንበስ አለ። ጨበጡ።

“አንድ፣ ሁለት” አለ ሻጂ። ሦስትን አልጠራም።

ሳቡ። የሻጂ ጫማ ተንሸራተተ።

“ከባድ ነው እንዴ?” አለች ተቆጣጣሪዋ።

“ትንሽ ይከብዳል” አለ ሙሐመድዘይን።

“ቆዩ፣ እኔም ላግዛችሁ።”

ታብሌቷን ለሐዋ አቀበለችና መሀል ላይ ገብታ ጨበጠች። ሦስቱም ሳቡ። ሐዋ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። ተቆጣጣሪዋ መሳቧን አቆመች። እጇን አየች። ነጭ የሲሚንቶ ብናኝ አለበት። ቀስ ብላ የምንጣፉን ጫፍ ገለጠች።

ከሥሩ ግራጫው ሲሚንቶ ታየ።

“ሶፋው ሲሚንቶ ነው” አለች።

“ከውስጥ ብቻ ነው” አለ ሻጂ።

ማዳም ተጠራች። በቤት ልብሷ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች።

“ሙሽኪላው፣ ችግሩ ምንድን ነው?”

“ማዳም፣ ይህ በፕላኑ ላይ የለም።”

“ወንበር በፕላን ላይ ይሣላል?”

“ወንበር አይሣልም። ይህ ግን መሠረት አለው።”

“እንዲያውም ይሻላል፤ አይወድቅም።”

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ወደ ሙሐመድዘይን ዞረች። “ያ ሐጂ፣ ማነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ።”

“ይነሣል?”

“ሰው ካለ ይነሣል።”

“ስንት ሰው?”

አሰበ። ውሸት መጨመር አልፈለገም። “ሁለት ሰው ይበቃል” አለ። “መዶሻ ከያዙ።”

ተቆጣጣሪዋ ቁጭ ብላ አስረዳች። የተቀመጠችው እዚያው መደቡ ላይ ነው፤ ሌላ ጥላ የለም። ነገሩ ቀላል ነው አለች። የሚነሣ ከሆነ ዕቃ ነው፣ አያገባኝም። ከአጥር ጋር የተያያዘና ጣሪያ ያለው ከሆነ ግን ግንባታ ነው። ግንባታ ከሆነ በፕላኑ ላይ ይገባል። በዚህ ግቢ ደግሞ ሊሠራ የሚችለው ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ዐሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ማእድ ቤቱ ዐሥራ ሁለት ይወስዳል። ይህ ከነጣሪያው አራት ተኩል ይወስዳል።

“ስለዚህ?” አለች ማዳም።

“ስለዚህ ወይ ይህ ይፈርሳል፣ ወይ ማእድ ቤቱ ሰባት ተኩል ይሆናል። ኢንጂነሩ የተስተካከለ ፕላን በአንድ ሳምንት ያስገባ። ዛሬ ቅጣት አልጽፍም።”

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና ሙሐመድዘይንን አመሰገነችው። “ለውሃውና ለጥላው አላህ ይስጥህ። ባትጠራኝ ኖሮ በዚያ በኩል አላይም ነበር።”

መኪናዋ ሄደች። ሐዋ ተጠግታ ቆመች።

“ሰሙ ጋሽ ዘይኔ? ባይጠሯት ኖሮ።”

“ፀሐይ መታት።”

“እኔን ስድስት ዓመት ሲመታኝ የት ነበሩ?”

ሻጂ ከመሬት ፕላኑን አነሣና ማዳምን “ምን ልሣል?” አላት።

ማዳም ሁለቱንም አየቻቸው። ሰባት ተኩል ካሬ ሜትር ውስጥ ምድጃ፣ ማጠቢያና ሐዋ አንድ ላይ እንደማይገቡ ታውቃለች። የሙሐመድዘይንን መደብ አስፈርሳ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መኪና የነዳላትን ሰው ፊት በመኪናው መስተዋት ማየት አትፈልግም።

“ማእድ ቤቱ የሐዋ ነው፣ ወንበሩ የአንተ ነው” አለች። “እኔ ዓሣውን ብቻ ነው የምፈልገው። ተስማሙና ቅዳሜ ጠዋት ንገሩኝ። ያላ።” ብላ ገባች።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ማዳምን ልጇ ከጁሜይራ መጥቶ ለምሳ ወሰዳት። ከሶላት በኋላ የሙሐመድዘይን ሰዎች መጡ። ጀሚል የሚኖረው አጅማን፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት፣ አልጋ በአልጋ በሚከራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዴራ ላይ ለአገር ቤት ነጋዴዎች ዕቃ ያሽጋል። አብዱልሀኪም አል ማምዛር ላይ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነው። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ መደቡ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ነገሩን ሲሰሙ ጀሚል እየሳቀ ጉልበቱን መታ።

“ራስህ ጠርተህ አስቀመጥካት?”

“እንግዳ ናት።”

“የባለዲያ እንግዳ! እንዲያው ትራሱን አስተካክለህላት ይሆናል።”

“ትራሱን እሷ ናት ያመጣችው” አለ ወደ ሐዋ እየጠቆመ።

ሐዋ ክንዷን አጣምራ ከፊታቸው ቆማለች። “ሽማግሌ ናችሁ” አለች። “እንግዲህ ፍረዱ።”

አብዱልሀኪም ጉሮሮውን ጠረገ። “እንፈርዳለን። እኔ ሕንፃ ስለምጠብቅ ሕጉንም በመጠኑ አውቀዋለሁ። አንቺ ተናገሪ።”

“አልናገርም።”

“ለምን?”

“ዳኞቹ የተቀመጡት በሚከራከሩበት ነገር ላይ ነው። ተነሡልኝ።”

ሁለቱ ተያዩ። ትክክል ነበረች። ጫማቸውን አድርገው ወርደው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሙሐመድዘይንም ለፍትሕ ሲል አብሯቸው ቆመ። መደቡ በጥላው ውስጥ ባዶውን ቀረ።

“አሁን ተናገሪ” አለ አብዱልሀኪም፣ መሐረቡን ራሱ ላይ እየጣለ። “አሳጥሪው።”

“አላሳጥርም። እኔ ስድስት ዓመት አላሳጠርኩም። ነሐሴ ላይ ሲሊንደር አቅፌ ስጠብስ ዘይቱ ከእሳቱ በፊት በፀሐይ ይሞቃል። ንፋስ ሲነሣ አሸዋው ዓሣው ላይ ይወርዳል፤ ማዳም ‘ጨው አበዛሽ’ ትለኛለች። ጃንጥላ ከገንዳው ጋር አስሬ ነው የምሠራው። ሰው ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ብሎ ይህን ይከለክለኛል?”

“ድንጋይ አይደለም” አለ ሙሐመድዘይን።

“ይቅርታ። ሲሚንቶ ነው።”

“አንተስ?” አለው አብዱልሀኪም።

ሙሐመድዘይን ብዙ አስቦ ነበር። ሌሊቱን በልቡ የተናገረው ረጅም ነበር። አሁን ሁሉም ጠፋበት። “እናንተ የት ልትቀመጡ ነው?” አለ ብቻ።

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ ጥላው አዩ። ላባቸው ይወርዳል።

“ጎማ ይግጠምለት” አለ ጀሚል። “አራት ጎማ። ሲመጡ እንገፋዋለን፣ ይነሣል ማለት ነው። ዕቃ ሆነ።”

“ሦስት ሜትር ሲሚንቶ በጎማ?”

“እንዲያ ካልሆነ ብሎኬት በብሎኬት ነቅዬ አሽጌ በካርጎ ቢስቲማ ልላክልህ። እኔ ያላሸግሁት ነገር የለም። ባለፈው አንድ ነጋዴ የጥርስ ሐኪም ወንበር አሳሽጎኛል።”

“ጉምሩክ ላይ ወረቀቱ ምን ይላል?” አለ አብዱልሀኪም።

“ሶፋ ይላላ!”

ሐዋ መሳቅ አልፈለገችም፤ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

“ወደ እኔ ቤት አልጋብዛችሁ” አለ ጀሚል። “የእኔ ቤት ከአልጋዬ እስከ መጋረጃዬ ነው። እናንተ ስትገቡ እኔ እወጣለሁ።”

አብዱልሀኪም ፀሐዩን መቋቋም አቃተው። “ፍርዱን ሰጥቻለሁ” አለ። “ሁለታችሁም እውነት አላችሁ።”

“ይህ ፍርድ ነው?” አለች ሐዋ።

“በዚህ ሙቀት ከዚህ የተሻለ አይገኝም።”

ሽማግሌዎቹ ተሽቀዳድመው ወደ ጥላው ተመለሱ። ሐዋ “ዋላሂ፣ አንድ ቀን ማእድ ቤት ውስጥ ብጨምራችሁ ታውቁት ነበር” ብላ ሄደች። ምሳቸውን ግን አላስቀረችባቸውም። በልተው፣ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ጠጥተው፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ተበተኑ። ጀሚል ሲወጣ መደቡን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፣ የከብት ጀርባ እንደሚመታ።

ሙሐመድዘይን ጫማውን አድርጎ መኪናዋን ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሄደ። የውሃው ቧንቧ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ መኪና አጥቧል። ሐዋ የማዳምን የማታ ዓሣ ትጠብሳለች። ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ጃንጥላው ከገንዳው እጀታ ጋር በገመድ ታስሯል። ነፋስ መጣና ጃንጥላው ዞረ። ሐዋ በአንድ እጇ ጃንጥላውን፣ በሌላው መጥበሻውን ያዘች። ዘይቱ ፈነጠቀ። እጇን አራገፈች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ ዓሣውን ገለበጠች። አልጮኸችም። ክንዷ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ፤ አንዳንዱ ያረጀ፣ አንዳንዱ አዲስ። እስከዛሬ የወባ ትንኝ የነከሳት ይመስለው ነበር።

ውሃውን ዘጋው። ተመልሶ ከመኪናው ሣጥን የብሎን መፍቻ አወጣ። መደቡ ላይ ቆመ። ቆርቆሮው በዐሥራ ስድስት ብሎን የታሰረ ነው፤ ራሱ ነው ያሰረው፣ አጥብቆ። አንዱን ሲፈታ ተሳደበ። ሁለተኛውን ሲፈታ የሠራውን ሰው አደነቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆርቆሮውን አውርዶ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ጓሮ ሄደ። በገንዳዎቹና በአጥሩ መካከል አጋድሞ በገመድ አሰረው። የሐዋ መጥበሻ ጥላ ገባ።

ሐዋ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ እሱን አየች።

“ይኸስ ፈቃድ አለው?” አለች።

“እስከ ቅዳሜ ነው።”

“ገመዱን አጥብቁት። ከወደቀብኝ ለባለዲያ ነው የምከስዎት።”

አጠበቀው። ትንሽ ቆመ። ሐዋ ከመጥበሻው አንድ ዓሣ አውጥታ በዳቦ ጠቅልላ፣ ዞር ሳትል፣ በትከሻዋ ላይ አቀበለችው። ቆሞ በላ። የሚቀመጥበት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻጂ ፕላኑን ይዞ መጣ። ማዳም ቁርሷን ትበላ ነበር። ሙሐመድዘይን በውስጠኛው ማእድ ቤት በር ላይ ቆመ፤ ሐዋ ከውስጥ ሰሃን ታጥባለች።

“እ?” አለች ማዳም።

“ወንበሩ ይፈርሳል” አለ።

ውስጥ የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። ማዳም እንጀራ የመሰለውን ስስ ዳቦዋን አስቀመጠችና መነጽሯን አወረደች። ፊቱን አየችው። የሚናደድ ወይም የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም።

“ማነው የሚያፈርሰው? ሰው ልቀጥር?”

“እኔ ነኝ የሠራሁት።”

“ዚን፣ ጥሩ” አለች ማዳም። “በል ሻጂ፣ ማእድ ቤቱን ለሐዋ አሳያት። የት ምን እንደምትፈልግ እሷ ትንገርህ።”

ሻጂ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሐዋ እጇን አድርቃ መጣች። የራሷን ማእድ ቤት ወረቀት ላይ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጣቷን ለማሳረፍ ፈራች፤ ከዚያ አሳረፈች።

“ምድጃው እዚህ” አለች። “ማጠቢያው እዚህ። መስኮቱ ትልቅ ይሁን። ይህ ምንድን ነው?”

“የማቀዝቀዣ ቦታ” አለ ሻጂ። “በዚህ ግድግዳ ደግሞ መደርደሪያ እሠራለሁ። እስከ ጣሪያ ድረስ።”

“መደርደሪያው ይቅር።”

“ድስቱን የት ልታስቀምጪ?”

“ድስቴን እሰቅለዋለሁ። ይህ ግድግዳ ባዶ ይሁን።” ሙሐመድዘይንን አላየችውም። “ሰው ይቀመጥበታል።”

ሻጂ እርሳሱን ይዞ ጠበቀ። ማእድ ቤት ውስጥ ሰው ለምን እንደሚቀመጥ አልገባውም። ሐዋ በአማርኛ ወደ በሩ ተናገረች።

“ጁምዓ ብቻ ነው። ጫማ ውጭ። ጀሚል ድስት ከከፈተ አስወጣዋለሁ።”

ሙሐመድዘይን ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ፕላኑን አየ። መስመሮቹ ቀጭን ናቸው።

“ጣሪያው አንድ ነው” አለ ሻጂን በዐረብኛ። “በጣሪያው ውስጥ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል?”

“አይቆጠርም። ዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ ሁለት ነው።”

“በፕላኑ ላይ ተሥሎ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል?”

“ከተሣለ ይችላል። ርዝመቱ ስንት ነው?”

“ሦስት ሜትር” አለ ሙሐመድዘይን።

“ሁለት” አለች ሐዋ።

“ሁለት ተኩል። ምንጣፉ ሁለት ተኩል ነው።”

ሐዋ አሰበች። ማእድ ቤቷን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በጣቷ ለካች። “ሁለት ተኩል” አለች። “ኸላስ።”

ሻጂ ሣለው። ቁመቱን ጠየቀ፤ ሙሐመድዘይን ጉልበቱን አሳየው። ሻጂ ለክቶ ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አነሣ።

“ስሙን መጻፍ አለብኝ። በፕላን ላይ ስም የሌለው ነገር አያሳልፉም። ወንበር ልበል?”

ማዳም ከጠረጴዛዋ “ወንበር በለው፣ ሁሉም ያውቀዋል” አለች።

ሙሐመድዘይን ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሰ ቆየ።

“ወንበር አይደለም” አለ። “መደብ ነው። መደብ ብለህ ጻፍ።”

ሻጂ አስደገመው። ከዚያም በመስመሩ ውስጥ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ሙሐመድዘይን እንግሊዝኛ አያነብም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አምስት ናቸው። ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀና ትልቅ መዶሻ ይዞ ወደ ውጭው በር፣ ወደ አሮጌው መደብ ወጣ።